ለሃሪኬን እና ለጎርፍ የቤተሰብ ዝግጅት

ለሃሪኬን እና ለጎርፍ የቤተሰብ ዝግጅት ማለት ሃሪኬን በሚደርስበት አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ ሕይወቱንና ንብረቱን ለመጠበቅ ከአደጋው በፊት፣ በአደጋው ጊዜና ከአደጋው በኋላ የሚወስዳቸው እርምጃዎች ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የሚኖሩበትን ቦታ የጎርፍ ተጋላጭነት ማወቅ፣ መቼና ወዴት እንደሚለቁ አስቀድሞ መወሰን፣ ውሃ፣ ምግብና መድኃኒት ማከማቸት፣ ሰነዶችን መጠበቅ፣ የጎርፍ መድን መግባትና ቤቱን ማጠናከር ናቸው። ይህ መጣጥፍ በተለይ የዩናይትድ ስቴትስን የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና የአትላንቲክ ጠረፍ ይመለከታል። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

የሃሪኬን ምንነት

ሃሪኬን በሞቃታማ የውቅያኖስ ውሃ ላይ የሚፈጠርና ዝቅተኛ የአየር ግፊት ባለበት ማዕከል ዙሪያ የሚሽከረከር ብርቱ አውሎ ነፋስ ነው። ተመሳሳዩ ክስተት በምዕራብ ፓሲፊክ ታይፉን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ሳይክሎን ይባላል። የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 (ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21) የሚዘልቅ ሲሆን፣ ብርቱዎቹ የሚበዙት ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው።

አብዛኞቹ ብርቱ የአትላንቲክ ሃሪኬኖች የሚጀምሩት ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ ከሚጓዙ የአየር ሞገዶች ነው። ከእነዚህ ሞገዶች አንዳንዶቹ የሚነሡት በክረምት በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ላይ ከሚፈጠረው የነጎድጓድ ደመና ነው። በ2000 በአትላንቲክ የተከሰተውን የአልቤርቶ ሃሪኬን ያጠኑ ተመራማሪዎች መነሻውን እስከ ኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ድረስ ተከታትለውታል።

የነፋሱ ፍጥነት የሚለካበት የሳፊር-ሲምፕሰን መለኪያ አምስት ደረጃዎች አሉት፦

• ደረጃ 1፦ በሰዓት ከ119 እስከ 153 ኪ.ሜ.
• ደረጃ 2፦ በሰዓት ከ154 እስከ 177 ኪ.ሜ.
• ደረጃ 3፦ በሰዓት ከ178 እስከ 208 ኪ.ሜ.
• ደረጃ 4፦ በሰዓት ከ209 እስከ 251 ኪ.ሜ.
• ደረጃ 5፦ በሰዓት 252 ኪ.ሜ. እና ከዚያ በላይ

ከደረጃ 3 ጀምሮ ያሉት «ከባድ ሃሪኬን» ተብለው ይመደባሉ። ሆኖም መለኪያው ነፋስን እንጂ ዝናብንም ሆነ የባሕር ሙላትን አያሳይም። ስለዚህ «ደረጃው ዝቅተኛ ነው» ብሎ ዝግጅትን መተው ስሕተት ነው። በጁላይ 2024 በቴክሳስ የባሕር ዳርቻ የገባው በሪል ደረጃ 1 ብቻ ነበር። ቢሆንም በሂውስተንና በአካባቢው ከ2 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ተቋርጦባቸዋል፤ ብዙዎቹም በበጋው ሙቀት ለቀናት ያለ ማቀዝቀዣ ቆይተዋል።

ዋናው አደጋ፦ ውሃ

ብዙ ሰው ሃሪኬን ሲባል የሚያስበው ጣሪያ የሚገነጥለውን ነፋስ ነው። ይሁንና ከ1963 እስከ 2012 በዩናይትድ ስቴትስ በሃሪኬንና በሌሎች የሐሩር ክልል አውሎ ነፋሶች በቀጥታ ከሞቱት ሰዎች 90 በመቶ ያህሉ የሞቱት በውሃ ነው። ግማሽ ያህሉን የገደለው የባሕር ሙላት ሲሆን፣ ሩብ ያህሉን የገደለው ደግሞ የዝናብ ጎርፍ ነው።

የባሕር ሙላት ማለት ነፋሱ የባሕሩን ውሃ ገፍቶ ወደ የብስ ሲያስገባ የሚፈጠር የውሃ ከፍታ ነው። ከመደበኛው የባሕር ወለል በላይ በርካታ ሜትሮች ሊደርስ ይችላል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም መንገዶችን ይዘጋል። በኦገስት 29 ቀን 2005 የካትሪና ሃሪኬን ሲመታ የኒው ኦርሊንስ የጎርፍ መከላከያ ግድቦች ተደርምሰው ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ በውሃ ተጥለቀለቀ። በአደጋው ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከተማዋን ሳይለቁ ከቀሩት ብዙዎቹ መኪና ያልነበራቸው፣ አረጋውያን ወይም ሕሙማን ነበሩ።

የዝናብ ጎርፍ ደግሞ ከባሕር ርቆ የሚኖረውንም ሰው ያገኘዋል። በኦገስት 2017 ሃርቪ በደረጃ 4 ቴክሳስ ከገባ በኋላ ነፋሱ ቢዳከምም ለቀናት ከአካባቢው ሳይርቅ ቆየ። በአንድ የመለኪያ ጣቢያ 1,539 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዝግቧል፤ ይህም አዲስ አበባ በአንድ ዓመት ከምታገኘው አማካይ ዝናብ ይበልጣል። በቴክሳስ በቀጥታ ከሞቱት 68 ሰዎች 65ቱ የሞቱት በጎርፍ ነው። በሂውስተን አካባቢ ውሃ ከገባባቸው ቤቶችም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በካርታ ከፍተኛ የጎርፍ ስጋት አለበት ተብሎ ከተመደበው ክልል ውጭ ነበሩ። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ ሄሊን ፍሎሪዳ ላይ ወደ የብስ ገብቶ፣ ከባሕሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀው በሚገኙት የሰሜን ካሮላይና ተራሮች ከባድ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት አስከትሏል።

የአደጋ ጊዜ ባለሥልጣናት ሕዝቡን የሚመክሩት ከነፋስ እንዲጠለል፣ ከውሃ ግን እንዲሸሽ ነው። ጠንካራ ቤት ከነፋስ ሊያስጥል ይችላል፤ በዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ቤት ግን ግንቡ ምንም ያህል ቢጠነክር ከባሕር ሙላት አያስጥልም።

ትንበያና ማስጠንቀቂያ

በዩናይትድ ስቴትስ የሃሪኬንን ትንበያ የሚያወጣው በማያሚ አካባቢ የሚገኘው ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ነው። ከሚያወጣቸው መግለጫዎች ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

• የሃሪኬን ክትትል፦ በአካባቢው ሃሪኬን ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ብርቱ ነፋስ ይጀምራል ተብሎ ከሚጠበቅበት ሰዓት 48 ሰዓት ቀደም ብሎ ይወጣል።
• የሃሪኬን ማስጠንቀቂያ፦ ሃሪኬኑ ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል ማለት ነው። 36 ሰዓት ቀደም ብሎ ይወጣል።

የባሕር ሙላትንና ደራሽ ጎርፍን የሚመለከቱ መግለጫዎች ለብቻቸው ይወጣሉ። በቴሌቪዥን የሚታየው የትንበያ ሾጣጣ የሚያሳየው የአውሎ ነፋሱ ማዕከል ሊያልፍበት የሚችለውን መንገድ ብቻ ነው። ማዕከሉ በሾጣጣው ውስጥ የሚቆየው ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ሲሆን፣ ዝናቡ፣ ነፋሱና የባሕር ሙላቱ ደግሞ ከሾጣጣው ውጭ ርቀው ይደርሳሉ። ስለዚህ ቤቱ ከሾጣጣው ውጭ የሆነ ሰው ከአደጋ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ማስጠንቀቂያዎች በእጅ ስልክ በቀጥታ ይላካሉ። መብራትና የስልክ መረብ ሲቋረጥ ግን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ብቸኛው የመረጃ ምንጭ ሊሆን ይችላል።

የቤተሰብ እቅድ

የመልቀቂያ ቀጠናን ማወቅ

የጠረፍ ከተሞችና ካውንቲዎች ነዋሪዎች በየተራ የሚለቁባቸውን ቀጠናዎች በፊደል ወይም በቁጥር ለይተው በካርታ ያሳውቃሉ። በፍሎሪዳ ለምሳሌ ቀጠና ኤ ለባሕር ሙላት በጣም የተጋለጠውና መጀመሪያ እንዲለቅ የሚታዘዘው ነው። ቤተሰቡ የራሱን ቀጠና ማወቅ ያለበት ወቅቱ ሳይጀምር ነው። ከዝቅተኛ ቦታ በተጨማሪ ተንቀሳቃሽ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ከቀጠና ውጭ ቢሆን እንኳ መልቀቅ አለበት፤ እንዲህ ያለው ቤት የሃሪኬን ነፋስ አይቋቋምም።

ከመሬት በታች ባለ ክፍል ወይም ቤዝመንት የሚኖር ተከራይም የራሱ ስጋት አለበት። በሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 የአይዳ ቅሪት ዝናብ ኒው ዮርክ ከተማን ሲመታ 11 ሰዎች የሞቱት በዚህ ዓይነት ክፍሎች ውስጥ ነው። የደራሽ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲሰማ፣ በተለይ ሌሊት፣ ወደ ላይኛው ፎቅ መውጣት ያስፈልጋል።

መቼና ወዴት

መድረሻው ሩቅ ከተማ መሆን የለበትም። ከመልቀቂያ ቀጠናው ውጭ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት፣ ሆቴል ወይም የሕዝብ መጠለያ ሊሆን ይችላል። በሴፕቴምበር 2005 የሪታ ሃሪኬን ሲቃረብ ከሂውስተን አካባቢ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ወጥተው መንገዶቹ ተዘጉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ እንዲለቁ አልታዘዙም ነበር። በሙቀት፣ በነዳጅ እጥረትና በአደጋ ብዙ ሰዎች በመንገድ ላይ ሞቱ፤ አረጋውያንን ያሳፈረ አውቶቡስ ዳላስ አካባቢ ተቃጥሎም 23 ተሳፋሪዎች ሕይወታቸው አልፏል። ስለዚህ ትእዛዝ የደረሰው ቀደም ብሎ መውጣት አለበት፤ ያልታዘዘና ጠንካራ ቤት ያለው ደግሞ መንገዱን ለሚለቁት መተው ይኖርበታል።

ነፋሱ ከበረታ በኋላ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ስለሚቆሙ የቀረ ሰው ለሰዓታት ረዳት አያገኝም። ወቅቱ ሲጀምር የመኪናን ነዳጅ ከግማሽ በታች እንዳይሆን መጠበቅ ይጠቅማል። መኪና የሌለው ቤተሰብ ማን እንደሚወስደው አስቀድሞ መስማማት ወይም በከተማው የመጓጓዣ እርዳታ መመዝገብ አለበት።

ግንኙነት

የቤተሰቡ አባላት በተለያየ ቦታ ሳሉ አደጋው ሊደርስ ስለሚችል ሁሉም የሚደውሉለት አንድ ሰው በሌላ ግዛት ይመረጣል። መረቡ ሲጨናነቅ ከጥሪ ይልቅ አጭር የጽሑፍ መልእክት የማለፍ ዕድሉ የበለጠ ነው። ስልኩ ሊጠፋ ወይም ባትሪው ሊያልቅ ስለሚችል ቁጥሮቹ በወረቀት ተጽፈው መያዝ አለባቸው። እንግሊዝኛ የማይናገሩ ወላጆች ወይም አያቶች ካሉ፣ የቤቱን አድራሻና የሚወስዱትን መድኃኒት በእንግሊዝኛ የያዘ ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ማኖር ይረዳቸዋል። በኦክስጅን ማሽን ወይም በሌላ የኤሌክትሪክ የሕክምና መሣሪያ የሚረዳ ሰው ያለበት ቤተሰብ መብራት ወዳለበት መጠለያ ለመሄድ አስቀድሞ መመዝገብ ይኖርበታል።

የሚከማቹ ነገሮች

ቢያንስ ለሦስት ቀን፣ ከተቻለ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ማዘጋጀት ይመከራል።

• ውሃ፦ ለአንድ ሰው በቀን 3.8 ሊትር (አንድ ጋሎን)፤ ለአምስት ሰዎች ለሦስት ቀን 57 ሊትር ይሆናል።
• ምግብ፦ ማብሰልም ሆነ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ። የታሸገ ምግብ ከነመክፈቻው፣ ኦቾሎኒና ብስኩት የተለመዱ ናቸው። በኢትዮጵያውያን ቤት ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ለዚሁ ይሆናሉ፤ ለበሶ የሚያስፈልገው ውሃ ግን በስሌቱ ላይ መጨመር አለበት።
• መድኃኒት፦ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ለተጨማሪ ቀናት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ማቀዝቀዣ ሣጥን ከበረዶ ጋር።
• ለሕፃናት፦ የዱቄት ወተት፣ ዳይፐር።
• ብርሃንና ኃይል፦ የእጅ ባትሪ፣ ባትሪ ድንጋይ፣ የተሞላ ፓወር ባንክ። ሻማ የእሳት አደጋ ስለሚያስከትል አይመከርም።
• ጥሬ ገንዘብ፦ መብራት ሲጠፋ የባንክ ካርድና የገንዘብ ማሽን አይሠሩም።
• ሌሎች፦ ሬዲዮ፣ ፉጨት፣ ጠንካራ ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ የንጽሕና ዕቃ።

ውሃ የማከማቸቱ ጥቅም በአሽቪል ታይቷል። በሄሊን ጎርፍ የዚህች የሰሜን ካሮላይና ከተማ የውሃ መሥመር ስለተበጣጠሰ ከቧንቧ የሚጠጣ ውሃ የተመለሰው ከ50 ቀናት በላይ ቆይቶ ነው። አውሎ ነፋሱ ከመድረሱ በፊት የመታጠቢያ ገንዳን ሞልቶ ማቆየት ለመጸዳጃ ቤትና ለእጥበት የሚሆን ውሃ ያስገኛል።

ሰነዶችና መድን

ፓስፖርት፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ፣ የዜግነት ወረቀት፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የቤት ውልና የመድን ውል ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይቀመጣሉ። ከውጭ አገር የመጡ ወረቀቶችን መተካት ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ለስደተኛ ቤተሰብ ይህ ክፍል ይበልጥ አስፈላጊ ነው። የሁሉም ፎቶ ተነሥቶ በኢንተርኔት ማከማቻና በፍላሽ ዲስክ ቢቀመጥ ዋናው ቢጠፋ እንኳ መረጃው ይተርፋል። በየክፍሉ ያለውን ንብረት በቪዲዮ መቅረጽም ለካሳ ጥያቄ ማስረጃ ይሆናል።

በዩናይትድ ስቴትስ መደበኛው የቤት መድን ጎርፍን አይሸፍንም። የጎርፍ መድን ለብቻው የሚገባ ሲሆን፣ ዋናው አቅራቢ በ1968 የተቋቋመው ብሔራዊ የጎርፍ መድን ፕሮግራም ነው። በዚህ ፕሮግራም ሽፋኑ በአብዛኛው የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ አውሎ ነፋሱ በዜና ከተሰማ በኋላ መግዛት ለዚያ አደጋ አይደርስም። ቤቱ የራሱ ያልሆነ ተከራይም ለዕቃው ብቻ መግባት ይችላል።

ቤቱን ማዘጋጀት

መስኮቶች በብረት መዝጊያ ወይም ወደ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ኮምፔንሳቶ ይሸፈናሉ። መስታወት ላይ ፕላስተር በመስቀል ቅርጽ መለጠፍ የቆየ ልማድ ቢሆንም መስታወቱን ከመሰበር አያድነውም። የጋራዥ በር ደካማ ከሆነ ነፋስ በእርሱ ገብቶ ጣሪያውን ከውስጥ ሊገፋው ስለሚችል ማጠናከር ያስፈልጋል። አሸንዳና የውሃ መውረጃ ይጠረጋሉ፤ የደረቁ የዛፍ ቅርንጫፎች ይቆረጣሉ፤ በግቢው ያሉ ወንበሮች፣ ማሰሮዎችና መጫወቻዎች ወደ ቤት ይገባሉ። ጎርፍ የሚያሰጋ ከሆነ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች ወደ ላይኛው ፎቅ ይወሰዳሉ፤ ቤቱን የሚለቅ ሰውም ወለሉ ደረቅ እያለ ዋናውን የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ይዘጋል።

አውሎ ነፋሱ በሚያልፍበት ጊዜ

በቤቱ የቀረ ቤተሰብ ከመስኮት ርቆ፣ መስኮት በሌለው የውስጥ ክፍል ወይም ኮሪደር ይቀመጣል። ነፋሱ በድንገት ጸጥ ቢል የሃሪኬኑ ዓይን እያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነፋሱ ከተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚመለስ መውጣት አይገባም።

ውሃ ወደ ቤት ከገባ ወደ ላይኛው ፎቅ መውጣት ይገባል። ከኮርኒስ በላይ ወዳለው ጣሪያ ውስጥ መግባት ግን አደገኛ ነው፤ በካትሪና ጊዜ ወደዚያ ወጥተው መውጫ ያጡ ሰዎች ሞተዋል።

በጎርፍ ውስጥ መኪና መንዳት ብዙ ሰው የሚሞትበት ምክንያት ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ የብዙ መኪናዎችን ሆድ ስለሚነካ ሾፌሩ መኪናውን መቆጣጠር ሊያቅተው ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ብዙ መኪናዎችን ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ደግሞ ትልልቆቹን ጭምር ይወስዳል። በተለይ በጨለማ መንገዱ ከውሃው ሥር ተቆርሶ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ከአውሎ ነፋሱ በኋላ

ብዙ ሰዎች የሚሞቱት አውሎ ነፋሱ ካለፈ በኋላ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ነው። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በ2020 ሎራ ሉዊዚያናን ከመታ በኋላ በርካታ ሰዎች በጄኔሬተር ጭስ ታፍነው ሞተዋል። ጄኔሬተር ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ይቀመጣል፤ በሩ ክፍት ቢሆንም ጋራዥ ውስጥ አይሠራም። የከሰል ምድጃም ያው ጋዝ አለው፤ መብራት በጠፋበት ቤት ለምግብም ሆነ ለቡና ከሰል ውስጥ ማቀጣጠል ሊገድል ይችላል።

ሌሎች ጥንቃቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

• የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦን ወይም ሽቦ የነካውን ውሃ አለመንካት።
• የጎርፍ ውሃ ፍሳሽ፣ ነዳጅና ስለት ሊኖረው ስለሚችል አለመራመድበት፤ ልጆችም እንዳይጫወቱበት መከልከል።
• ሳይከፈት የቆየ ማቀዝቀዣ ምግብን ለ4 ሰዓት ያህል ይጠብቃል፤ የሞላ ፍሪዘር ለ48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ ለ24 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ሥጋ፣ ወጥና ወተት መጣል አለባቸው።
• የቧንቧ ውሃ ይፈላ ከተባለ ለአንድ ደቂቃ ማፍላት። ማፍላት ካልተቻለ ሽታ ያልተጨመረበት 6 በመቶ በረኪና በ3.8 ሊትር ንጹሕ መልክ ያለው ውሃ 8 ጠብታ ጨምሮ 30 ደቂቃ መቆየት። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነካው ውሃ ግን በማፍላትም ሆነ በበረኪና አይጠራም።
• ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ መብቀል ስለሚጀምር ቤቱን ቶሎ ማድረቅ። ከማጽዳት በፊት ጉዳቱን ፎቶ ማንሣት።

ፕሬዚዳንቱ አካባቢውን ለግለሰብ እርዳታ የአደጋ ቀጠና ካወጁ ቤተሰቦች ከፌዴራል የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳደር ድርጅት (ፌማ) የገንዘብ እርዳታ መጠየቅ ይችላሉ። ለዚህ እርዳታ ከቤተሰቡ ቢያንስ አንድ አባል ዜጋ ወይም ሕጉ ብቁ የሚለው ነዋሪ መሆን አለበት፤ ወላጆች ብቁ ባይሆኑም ዜጋ በሆነ ልጃቸው ስም ማመልከት ይችላሉ። በስልክ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። ለእርዳታ አስቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው፤ ማመልከት በነጻ ነው።

በአፍሪካ ቀንድ

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት የባሕር ሙላት አያሰጋትም። ይሁን እንጂ ከሕንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመጡ ሳይክሎኖች ዝናብ ይደርሳታል። በሜይ 2018 የሳጋር ሳይክሎን በሶማሌላንድ በኩል ገብቶ ጅቡቲንና የኢትዮጵያን ምሥራቃዊ ክፍል አጥለቅልቋል። በኖቬምበር 2020 ሶማሊያን የመታው ጋቲ በአገሪቱ ከተመዘገቡት ሁሉ ብርቱው ነበር።

ደራሽ ጎርፍ ግን ያለ ሳይክሎንም ይከሰታል። በኦገስት 2006 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋ ላይ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የአሸዋ ወንዝ በአብዛኛው ደረቅ ስለሆነና ጎርፉን ያመጣው ዝናብ ከከተማው ርቆ በደጋው ሊዘንብ ስለሚችል፣ በዳርቻው የሚኖር ሰው ከተማው ውስጥ ሳይዘንብ ጎርፍ ሊደርስበት ይችላል። ከዚህ በላይ ከተዘረዘሩት እርምጃዎች ከፍ ያለ መሸሻ ቦታን አስቀድሞ መለየት፣ ሰነዶችን በአንድ ከረጢት ማኖር፣ በሌሊት ማስጠንቀቂያ የሚሰማበትን መንገድ ማዘጋጀትና የሚፈስ ጎርፍን አለመሻገር በእንዲህ ያለ ቦታም ይሠራሉ።